ወርቁ ሲያልቅ ከተማው ለምን አልፈረሰም? (ስለ ባላራት ቴአትር ቤቶችና ባለሙያዎች ጥያቄ)

ጋሪ ሠሪው፦

እንደምን ዋላችሁ። አዳማ ነኝ። ከፍራንኮ ወረድ ብሎ አባቴ ጋሪ ይሠራበት የነበረ ቦታ አለ፤ ዛሬ እኔ እዚያው ብየዳ እሠራለሁ። ጋሪውንም አልተውኩትም። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሰው የሚጭነው ጋሪ እየተመናመነ ነው፤ ውሃ፣ አሸዋ፣ ጭድ የሚያመላልሰው ግን ዛሬም ደጄ ላይ ቆሞ ባሌስትራ ያስበይዳል፣ ኩሽኔታ ያስቀይራል።

እህቴ የምትኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ነው። በቅርቡ ልጆቿን ይዛ ባላራት ወደምትባል ከተማ ሄዳ ነበር። እዚያ ሶቨሪን ሂል በሚባል ቦታ የድሮ ወርቅ ቆፋሪዎችን መንደር እንደነበረ አድርገው መልሰው ገንብተውታል፤ ከ1970 ጀምሮ ሰው እየከፈለ ይጎበኘዋል። የላከችልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። በእንፋሎት በሚዞር ማሽን የጋሪ እግር ይጠርባሉ፤ ቀጥቃጩ መስፉ ላይ ብረት ያጎብጣል፤ ሻማ የሚሠራው፣ ከረሜላ የሚያፈላው፣ ቆርቆሮ የሚቆርጠው ሁሉ በየሱቁ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ እህቴ መንገዱን ተሻግራ ቴአትር ቤት ውስጥ ትገባለች። መጋረጃ አለው፣ መድረክ አለው፣ ፎቅ ላይ የተደረደረ መቀመጫ አለው።

ያልገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወርቁ የተገኘው በ1851 ሲሆን ይህ የተቀዳበት የድሮው ቴአትር ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላ ቆሟል። ገና በድንኳን የሚያድር፣ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው ቴአትር ቤት ለምኑ ነው? ማን ሠራው? በማን ገንዘብ? ወርቁስ ሲያልቅ ያ ሁሉ ባለሙያ ምን በላ? ከተማው ዛሬም ትልቅ ከተማ ነው።

የምጠይቀው ለሥራ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ባለሙያዎች ሙያቸውን ለልጆች የሚያሳዩበት ዝግጅት ይዘናል። ልጆቹ ጋሪ የድሃ ነው ይላሉ። ይህን አባባል አልወደውም፤ አባቴ በጋሪ ነው ያሳደገን። ጋሪ ሠሪና ቀጥቃጭ ከተማ ሲያቆሙ ምን እንደሚመስል የሌላ አገር ታሪክ ይዤ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። የምታውቁ ጻፉልኝ።

ልብስ ሰፊዋ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወደድኩት። እኔ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ረዥም ዘመን ልብስ ስሰፋ ኖሬ ነው አዳማ የተመለስኩት። ባላራትን መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ጋር፣ በኋላም ብቻዬን እየሄድኩ አይቼዋለሁ። ዓመቶቹን እንደ አንተው፣ ወሮቹንና ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሰዉን ብዛት ያዝ። ቪክቶሪያ የሚባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ራሱን ችሎ የቆመው በ1851 ነው፤ ወርቁም የተገኘው በዚያው ዓመት። ያኔ በግዛቱ የነበረው ሕዝብ 77,000 ያህል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ 540,000 ገደማ ሆነ። የመጣው ሰው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው፤ ሚስት የለው፣ እናት አጠገቡ የለች። ቀኑን ሲቆፍር ይውላል፤ ማታ ድንኳኑ ይበርደዋል፣ ብርሃኑ ሻማ ነው። ገንዘብ ደግሞ በደመወዝ መልክ አይመጣለትም። ሳምንታት ሙሉ ባዶ እጁን ይገባና አንድ ቀን ኪሱ ይሞላል። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ማታ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል፤ ያንን ያየ ነጋዴ ደግሞ ቶሎ ይደርስለታል።

መጀመሪያ ላይ ወርቅ በሚቆፈርበት ሰፈር መጠጥ መሸጥ በሕግ ክልክል ስለነበር በየድንኳኑ ተደብቆ ይሸጥ ነበር። በኋላ ለሆቴሎች ፈቃድ ሲሰጥ ሆቴሎቹ ደንበኛ ይሻሙ ጀመር። መጠጡ ሁሉም ጋ ያው ነው። ስለዚህ አንዱ ከሆቴሉ ጋር አዳራሽ ሲሠራ፣ ሌላው ዘፋኝ ሲቀጥር፣ ሦስተኛው መድረክና መጋረጃ ያቆማል። በቪዲዮው ያየኸው ቪክቶሪያ ቴአትርም ሜን ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ከዩናይትድ ስቴትስ ሆቴል ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። እንግዲህ «በማን ገንዘብ» ላልከው መልሱ በባለሆቴሎች ገንዘብ ነው። ቴአትር ያየ ሰው ይጠጣል፣ ይበላል፣ ሲመሽበትም አልጋ ይይዛል። ቤንዲጎ በምትባለው በሌላዋ የወርቅ ከተማ ሻምሮክ ሆቴል ውስጥ የቀኑን ወሬ ማታውኑ በግጥም እየቀመረ የሚዘፍን ሰው ነበር፤ ፖሊሱን ይነካል፣ ጉድጓድ የናደበትን ቆፋሪ ያነሳል፣ ልክ እንደኛ አዝማሪ። ሰው ስሙ ተጠርቶ እንደሆነ ለመስማት ብቻ ይመጣ ነበር።

ወደ አንተ ወደ ባለሙያው ልምጣ። አንድ ምሽት መድረክ እንዲከፈት ስንት እጅ እንደሚገባበት ቁጠር። አናጢው ወለሉን ይመታል፤ የድንኳንና የሸራ ሰፊው ጣሪያውንና መጋረጃውን ያዘጋጃል፤ ቀለም ቀቢው በመጋረጃው ላይ ተራራና ቤተ መንግሥት ይሥላል፤ ማተሚያ ቤቱ ማስታወቂያ ያትማል፤ ሻማ ሠሪው ብርሃኑን ያቀርባል፤ ልብስ ሰፊው ወታደሩንም ንግሥቲቱንም ያለብሳል፤ ተዋናዮቹን ከነሻንጣቸው የሚያመጣው ሠረገላ ነው፣ የሠረገላውን እግር የሚጠግነው ያንተ ቢጤ ነው። ቀን ለጉድጓዱ የሠራው አናጢ ማታ ለመድረኩ ይሠራ ነበር። ባላራት ላይ መዝናኛውንና ሙያውን ለያይቼ ማየት አልችልም፤ አንዱ የሌላው ገበያ ነው።

መድረኩ ላይ ከወጡት ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሳው ሎላ ሞንቴዝ ናት። አየርላንድ ተወልዳ ስፔናዊት ነኝ ትል የነበረች፣ ከዚያ በፊት የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ወዳጅ ሆና አገር ያናወጠች ዳንሰኛ ነበረች። በየካቲት 1856 ባላራት መጥታ በቪክቶሪያ ቴአትር ሠራች። የሸረሪት ዳንስ በሚባለው ሥራዋ ቀሚሷ ላይ የተጣበቁ ሸረሪቶችን እያራገፈች ትጨፍራለች። የባላራት ታይምስ አዘጋጅ ሄንሪ ሲካምፕ ስለ ጠባይዋ ክፉ ቢጽፍባት አለንጋ ይዛ ጠበቀችውና እዚያው ሆቴል ውስጥ ተገራረፉ። ጎብኚ ሁሉ ይህን ሰምቶ ስቆ ይሄዳል።

እኔን ግን የምትገርመኝ የሲካምፕ ሚስት ክላራ ናት። ባሏ ዩሬካ ስለሚባለው የወርቅ ቆፋሪዎች አመፅ በጻፈው ጽሑፍ በ1855 ሲታሰር ጋዜጣውን ይዛ ያዘጋጀችው እሷ ነበረች። አውስትራሊያ ውስጥ ጋዜጣ ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሴት ትባላለች። የእሷ ታሪክ ከአለንጋው ጋር እኩል አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

አመፁን ካነሳሁ ስለ ባንዲራው ሳልናገር አላልፍም። መንግሥት ወርቅ አገኘም አላገኘም ከእያንዳንዱ ቆፋሪ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በወር 30 ሺሊንግ ነበር። ወረቀቱን ያልያዘ በፖሊስ ይታደናል። ቆፋሪዎቹ ኅዳር 1854 ላይ ቤከሪ ሂል ወጥተው የራሳቸውን ባንዲራ ሰቀሉ፤ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስቀልና አምስት ኮከብ ያለበት። በታኅሣሥ 3 ንጋት ላይ ወታደሩ ምሽጋቸውን ሰበረ፤ ከቆፋሪዎቹ ቢያንስ 22 ሞቱ። ባንዲራው ተርፎ ዛሬም ባላራት አለ፤ ከፊሉ ተቦጫጭቋል። ሴቶች እንደሰፉት ይነገራል። ፊቱ ቆሜ ስመለከተው የሰማያዊው ሱፍ ስፌት ላይ ዓይኔ ቀረ። የጨርቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ በላዩ ተደግሞ ተሰፍቷል፤ በእጅ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት ነፋስ አይፈታውም። በችኮላ የተሠራ ቢሆንም ሙያ ያለው እጅ ነው የሠራው፤ ይህን ለመናገር ታሪክ መማር አያስፈልግም፣ መርፌ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳን፣ ሸራ፣ የመድረክ ልብስ እየሰፋች ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት በየሰፈሩ ነበረች። ለልጆቹ ስትናገር ሴቶቹን አትርሳብኝ።

የባቡር ልጅ፦

ጋሼ፣ «ወርቁ ሲያልቅ» ላሉት እኔ ልጨምር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ይህን ክፍል በፍላጎት አንብቤዋለሁ።

ወርቁ ያለቀው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ያለቀው ከመሬቱ ገጽ ላይ፣ አንድ ሰው በአካፋና በሰሃን የሚያወጣው ነው። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ወደ መቆፈር ሄዱ። በ1858 ዌልካም የሚባለው 69 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የወርቅ ድንጋይ የተገኘው 55 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። (እሱም ራሱ መዝናኛ ሆኖ ነበር፤ ሜልቦርንና ለንደን ድረስ ሄዶ ለሰው ታይቷል፣ በ1859 ቀልጦ ሳንቲም ሆነ።) እዚያ ጥልቀት ላይ ውሃ ይሞላል። ውሃውን ለማውጣት የእንፋሎት ፓምፕ ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ ማስመጣት ወራት ይፈጃል፤ ቢሰበር መለዋወጫ የለም። ስለዚህ ብረት ማቅለጫዎች እዚያው ባላራት ተከፈቱ።

ከነሱ አንዱ ፊኒክስ የሚባለው ነው። ለማዕድን ማሽን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከ1873 ጀምሮ ለቪክቶሪያ ምድር ባቡር ሎኮሞቲቭ መሥራት ጀመረና ከ350 በላይ ሠራ። ጉድጓዱ ያስተማረውን ሙያ ባቡር ላይ አዋለው ማለት ነው። ባላራት ላይ የዚያ ዘመን የወርቅ ማውጣት ሥራ ያበቃው በ1918 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከተማው ባቡር ሠሪ፣ ብረት አቅላጭ፣ ነጋዴ፣ ትምህርት ቤት ሁሉ ነበረው። ወርቅ ብቻ የነበራቸው ሰፈሮች ግን ብዙዎቹ ባዶ ቀርተዋል።

እኛ ጋ የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ ሲጀመር፣ በ1897፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ገና በሕይወት ነበረች። ለልጆቹ ዘመኑ ሩቅ እንዳይመስላቸው ይህን ይንገሯቸው።

ጋሪ ሠሪው፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባንዲራውን እንዳዩት አድርገው ነው የጻፉልኝ። አንተም ወንድሜ ተባረክ፤ የፓምፑ ነገር ጥያቄዬን ፈታልኝ።

እስቲ እኔም ከማውቀው ልጻፍ፤ እዚህ ላይ ሙያዬ ነው። በቪዲዮው የጋሪውን እግር ሲሠሩ ያየሁት እንዲህ ነው። ሞዞው፣ መሐለኛው ማለት ነው፣ ከጠንካራ እንጨት ይቀረጻል፤ ዙሪያውን እየተቦረቦረ ክንዶቹ ይሰኩበታል። ክንዶቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ትንሽ ወደ ውጭ ዘመም ይላሉ። ፈረስ ሲራመድ ሸክሙ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ቀጥ ያለ ክንድ ያኔ ይነቀላል፣ ዘመም ያለው ግን ይቋቋማል። ቀጥሎ በክንዶቹ ጫፍ ላይ የጎበጡ እንጨቶች ገጥመው ክብ ያደርጉታል። የመጨረሻው ትልቁ ነው፦ ከእንጨቱ ዙሪያ በጥቂቱ የሚያንስ የብረት ቀለበት ሠርተው እስኪቀላ ያግሉታል። ብረት ሲግል ይሰፋል። በመቆንጠጫ አንስተው እንጨቱ ላይ ያጠልቁታል፤ እንጨቱ ይጨሳል፣ ወዲያው ውሃ ይደፉበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ክንዱንም ጎባጣውንም ሞዞውንም አንድ ላይ ጠርንፎ ይይዛል። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ቀለበቱ ካነሰ እንጨቱን ይሰብራል፣ ከበዛ ይላላል። ልኩን የሚያውቀው ሠሪው ነው። እኛ በመኪና ቸርኬና ጎማ ጋሪ ስንሠራ ይህን ሙያ አልወረስነውም፤ ለዚህ ነው የቆጨኝ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ተዋናዮቹን ያመጣ የነበረው ሠረገላ ባሌስትራ የለውም፤ በቆዳ ጠፍር ነው የተንጠለጠለው። ለምን?

የባቡር ልጅ፦

ኮብ ኤንድ ኮ የሚባለው ድርጅት ሠረገላ ነው። አሜሪካውያን ናቸው ያቋቋሙት፤ የመጀመሪያ ጉዞው ከሜልቦርን ወደ ቤንዲጎ በኩል በጥር 30፣ 1854 ነው። በአሜሪካኖቹ ዓይነት ሠረገላ አካሉ በተደራረበ ወፍራም የቆዳ ጠፍር ላይ ስለሚቀመጥ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። በዚያ ጉድጓዳማ መንገድ ብረት ባሌስትራ ይሰበራል፤ ከተሰበረም መንገድ ላይ የሚጠግነው የለም። ጠፍር ቢበጠስ ግን ባለሠረገላው ራሱ ቆርጦ ያስረዋል። ፈረሶቹንም መንገድ ላይ በየጣቢያው ይቀያይሯቸው ነበር፤ በየጣቢያው ደግሞ ፈረስ ጫማ የሚመታ፣ ሣር የሚሸጥ፣ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ይተዳደራል። በ1862 ከጂሎንግ ባላራት ሐዲድ ሲገባ ሠረገላው ሐዲድ ወዳልደረሰበት ወደ ውስጥ አገር ሄደ።

ተማሪ ነኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ግን አንድ የጎደለ አለ። መሬቱ የማን ነበር? ባላራት የዋዳውሩንግ ሕዝብ አገር ነው። ወርቅ ፈላጊው ሲጎርፍ ምንጩም አደኑም ተበላሸባቸው። ቢሆንም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ፖሰም ከሚባል ዛፍ ላይ የሚኖር ፀጉራም እንስሳ ቆዳ የተሰፋ ካባ ለቆፋሪዎቹ ይሸጡ ነበር፤ በብርድ ለሚያድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ይመራሉ፣ ለቤት ጣሪያ የሚሆን የዛፍ ልጥ ይልጣሉ። የራሳቸውን ጭፈራ ገንዘብ ለሚከፍል ተመልካች ያሳዩበትም ጊዜ ነበር። ሙያና መዝናኛ ስንል እነሱም አሉበት።

ቻይናውያኑም እንዲሁ። በ1855 የቪክቶሪያ መንግሥት በመርከብ በሚመጣ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ። ቀረጡን ለመሸሽ ብዙ ሺህ ሰው በሌላው ቅኝ ግዛት ሮብ በምትባል ወደብ እየወረደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጓዘ። እነሱም የራሳቸውን የኦፔራ ቡድን ይዘው በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር፤ አትክልት እያለሙ ቆፋሪውን የሚቀልቡትም እነሱ ነበሩ። ቤንዲጎ ላይ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ለሆስፒታልና ለችግረኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በፋሲካ በሚደረገው ትርኢት የቻይናውያኑ ሰልፍ ዋናው ድምቀት ሆኗል። ቀረጥ የተጣለበት ሕዝብ ለከተማው ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባስባል! ይህን ለልጆቹ ንገሩልኝ።

ልብስ ሰፊዋ፦

ልጄ፣ ደግ አደረግህ። የፖሰም ካባውን እኔም ሙዚየም ውስጥ አይቻለሁ፤ ቆዳ ከቆዳ የሚያያይዘው ክር የካንጋሮ ጅማት ነው። ስፌቱ የሚያስቀና ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ወንድማችን ለልጆቹ ሲናገር ይጠቅመዋል። በሚያዝያ 1856 የሜልቦርን ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት የቀን ሥራ ስምንት ሰዓት እንዲሆን ነው፤ ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት መዝናኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። ደመወዛቸው ሳይቀነስ አገኙት። መዝናኛን ከሥራና ከእንቅልፍ እኩል ለክተው የጠየቁ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ባላራት ላይም የእጅ ባለሙያው ከሥራ ወጥቶ የሚያነብበትና ንግግር የሚሰማበት መካኒክስ ኢንስቲትዩት በ1859 ተቋቋመ። በ1875 የተከፈተው ትልቁ ቴአትር ቤት ዛሬም ይሠራል፤ ኸር ማጀስቲስ ይሉታል።

ዝግጅቱ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው? የስፌት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ። ያንን እጥፍ ስፌት ልጃገረዶቹም ወንዶቹም በእጃቸው ይሞክሩት፤ ሰማያዊውን ጨርቅ እኔ እችላለሁ።

ጋሪ ሠሪው፦

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው እትዬ፤ መኪናውን የሚሸከም ልጅ ቤትዎ ድረስ እልካለሁ። ተማሪው ወንድሜም ና፤ የዋዳውሩንግንና የቻይናውያኑን አንተ ብትነግራቸው ይሻላል።

እኔ የብረት ቀለበቱን ከእንጨት ላይ ሲጠልቅ ማሳየት ነው የምፈልገው። ወናፍና ከሰል አለኝ፤ ቀለበቱን ከላሜራ ብረት አጉብጬ እበይዳለሁ። የቸገረኝ እንጨቱ ነው። አሮጌ የእንጨት ጋሪ እግር ያለው ወይም የት እንዳለ የሚያውቅ አለ? ቢሰነጠቅም ግድ የለኝም፣ ሞዞው ደህና ከሆነ ክንዱን እተካዋለሁ።

የባቡር ልጅ፦

አጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ አለ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል። ብረቱ ወልቋል፣ ሞዞው ግን ደህና ነው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲወጡ ይምጡና አብረን እንለካዋለን፤ ሜትር ይያዙ።